ዛር በሽቦ ላይ

በ1944 ካይሮ የጦርነት ዘመን ከተማ ነበረች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ሐሊም ኤል ዳብ የተባሉ የ23 ዓመት ወጣት ከአንድ የከተማዋ ራዲዮ ጣቢያ ከባድ የድምፅ መቅጃ መሣሪያ ተውሰው ወደ አንድ የዛር ሥርዓት ሄዱ። ቦታው የሴቶች ነበር፤ ወንድ አይገባበትም። ስለዚህም እርሳቸውና ጓደኛቸው እንደ ሴቶቹ ተከናንበው እንደ ገቡ ኤል ዳብ በኋለኛው ዕድሜያቸው ተናግረዋል። ከዚያ ይዘውት የወጡት ድምፅ ዛሬ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ተርታ ይቆጠራል።

ዛር የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። የቃሉን ምንጭ በተመለከተ ሊቃውንት ተከራክረዋል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ አገዎች ለሰማይ አምላካቸው ከሰጡት ጥንታዊ ስም ጋር ሲያዛምዱት፣ ከዓረብኛ ሥር የሚመዙትም አሉ። ይሁንና ሥርዓቱ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሱዳን አድርጎ ግብፅ መድረሱን ብዙዎቹ አጥኚዎች ይቀበላሉ። የተጓዘበት መንገድ የነጋዴና የምርኮኛ መንገድ ነው። በባርነት ተሸጠው በካርቱምና በካይሮ ባለጸጎች ቤት ያገለገሉ ሴቶች ከአገራቸው ይዘውት ሊሄዱ የቻሉት ነገር ቢኖር፣ ማንም ከእጃቸው ሊነጥቀው የማይችለው ዜማና እምነት ብቻ ነበር። በሱዳን ዛሮች በየወገናቸው ሲቆጠሩ «ሐበሽ» የሚባል ወገን አላቸው። በግብፅ ዛር የሚመታው ጠምቡራ የተባለው ባለ አውታር መሣሪያም ከክራርና ከበገና ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። እንግዲህ ወጣቱ ኤል ዳብ ተከናንበው በገቡበት ክፍል ውስጥ፣ እርሳቸው ያን ጊዜ አወቁትም አላወቁትም፣ ከጣና ማዶ የመጣ አንድ ቅርስ ይሰማ ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ዛርን አውግዘዋል፤ ዛሬም ያወግዛሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን እምነቱ አይደለም፤ የድምፁ ሥራ ነው።

በዛር ቤት ዜማ ለመደመጥ ብቻ አይዘፈንም፤ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ዜማ፣ የራሱ ፉከራ፣ የራሱ ቀለምና ልብስ አለው ተብሎ ይታመናል። በሽተኛዪቱ በከበሮና በጭብጨባ መካከል ትቀመጣለች። ባለ ዛሪቱ አንዱን ዜማ ታነሣለች፤ ሰውነቷ ካልመለሰ ሌላውን ታነሣለች። ትከሻ ሲንቀጠቀጥ፣ አንገት ሲዞር፣ «የዛር ፈረስ» የሆነችው ሴት ጉሪ ስትል፣ ያን ጊዜ መልሱ ተገኘ ማለት ነው፤ ከበሮውም ይፈጥናል። የሚመራው ማን እንደ ሆነ፣ ከበሮ መቺው ይሁን ሰውነቱ፣ ለመለየት ያስቸግራል። በዘመናችን ያሉ የሥነ ጥበብ ሰዎች ተመልካች ሲንቀሳቀስ ድምፅና ብርሃን የሚለዋወጥበትን፣ መሣሪያ ከሰው ጋር የሚነጋገርበትን ሥራ እንደ አዲስ ግኝት ያሳያሉ። ነገሩ በመሣሪያው በኩል አዲስ ነው፤ በሐሳቡ በኩል ግን የጎንደር ባለ ዛሮች አዲስ ነው ባላሉ ነበር።

ይህን ያስተዋሉ አንድ ፈረንሳዊ ነበሩ። ሚሼል ሌሪስ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ካቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጋር በ1932 ጎንደር ገቡ። አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ በተባሉ ኤርትራዊ ሊቅ አስተርጓሚነት፣ መልካም አየሁ በሚባሉ ታዋቂ ባለ ዛር ቤት ለብዙ ጊዜ እየተመላለሱ ያዩትን የሰሙትን ጻፉ። ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ የጎንደርን ዛር ከተውኔት ጋር ያነጻጸሩበትን መጽሐፍ አሳተሙ። እንደ ሌሪስ አስተያየት ዛር የማስመሰል ጨዋታ ነው ማለትም አይቻልም፣ ጨዋታ የለበትም ማለትም አይቻልም። ሰው የሚኖረው ተውኔት እንጂ የሚጫወተው ተውኔት አይደለም።

ያው የጥናት ቡድን ከጎንደር ሌላም ነገር ይዞ ሄዷል። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ ተነሥተው፣ በምትካቸው አንድ የቡድኑ ሠዓሊ የሠራው ቅጂ ተለጥፎ፣ ዋናዎቹ ፓሪስ ገቡ፤ አሁን የሚገኙትም በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ማለት ይገባል። ሥዕል ሲወሰድ ግድግዳው ባዶ ይቀራል፤ የጎደለውን ሁሉም ያያል። ድምፅ ሲወሰድ ግን ምንም የጎደለ አይመስልም። የካይሮዎቹ ሴቶች በማግስቱም ዜማቸውን ዘፍነዋል፤ አንድ ነገር እንደ ተወሰደባቸው እንኳ ሳያውቁ ቀርተው ይሆናል።

የወሰደው መሣሪያ ዛሬ በሙዚየም ካልሆነ የማይታይ ነው። ዴንማርካዊው ቫልደማር ፖልሰን በ1898 ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በማግኔት ኃይል ማስቀረት እንደሚቻል አሳዩ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ማይክሮፎኑ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኤሌክትሪኩ በትንሽ ማግኔት ራስ ውስጥ ያልፋል፤ በራሱ ሥር እየተጎተተ የሚሄደው ሽቦ በየነጥቡ ጠንከር ወይም ላላ ያለ የማግኔት ምልክት ይዞ ይቀራል። ሽቦው መልሶ በዚያው ራስ ሥር ሲሄድ ምልክቱ እንደገና ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩም እንደገና ድምፅ ይሆናል። ሽቦው ከራስ ጠጉር ብዙም የማይወፍር፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ከጦርነቱ በኋላ በየቤቱ በተሸጡት ዓይነቶች ላይ በሰከንድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሮጥ ስለ ነበር፣ ለአንድ ሰዓት ቅጂ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሽቦ ያስፈልግ ነበር። ሲበጠስ እንደ ክር ይቋጠራል። ቋጠሮው ሲያልፍም ይሰማል። በጀርመን ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይሠራበት የነበረው ቴፕ ከጦርነቱ በኋላ በዓለም ሲሰራጭ ሽቦው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተረሳ።

ሐሊም ኤል ዳብ በሙያቸው የግብርና ምህንድስና ያጠኑ ሰው ነበሩ። በ1921 በካይሮ ከቅብጥ ቤተሰብ ተወልደው ፒያኖና ደርቡካ እየተጫወቱ አድገዋል፤ የግብርናው ሥራም ወደ ገጠር እየወሰደ ከየመንደሩ ዜማና ከበሮ ጋር አገናኝቷቸዋል። ከዛሩ ቤት የቀዱትን ይዘው ወደ ራዲዮ ጣቢያው ሲመለሱ፣ ያደረጉት ነገር አንድ የባህል አጥኚ ከሚያደርገው የተለየ ነበር። አጥኚ ቢሆኑ ኖሮ ቅጂውን አንጽተው፣ ቀንና ቦታ ጽፈው መደርደሪያ ላይ ባስቀመጡት ነበር። እርሳቸው ግን ድምፁን ራሱን መፈተሽ ጀመሩ።

ማንኛውም የሰው ድምፅ አንድ ነጠላ ነገር አይደለም። ከሥር የሚሄድ መሠረታዊ ድምፅ አለ፤ በላዩ ደግሞ በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ፣ በአራት እጥፍ የሚርገበገቡ ረቂቅ ድምፆች ይደራረባሉ። የእናትን ድምፅ ከጎረቤት ድምፅ ለይተን የምናውቀው በአብዛኛው በእነዚህ በላይኞቹ አደራደር ነው። ኤል ዳብ ከሴቶቹ ዝማሬ መሠረታዊውን እየቀነሱ የላይኞቹ ረቂቅ ድምፆች ጎልተው እንዲሰሙ አደረጉ። ቀጥለውም ግድግዳዎቹ በሚንቀሳቀሱ ክፍል ውስጥ ድምፁን እያጫወቱ እንደገና ቀዱት፤ ግድግዳው ሲርቅና ሲቀርብ የገደል ማሚቶው ይረዝማል፣ ያጥራል። በዚህ መልክ ተሠርቶ የወጣው ሥራ 20 ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። ርእሱ በአማርኛ «የዛር መግለጫ» እንደ ማለት ሲሆን፣ በዚያው በ1944 በካይሮ በአንድ የሥዕል ማሳያ ለታዳሚ ቀረበ።

ከዚያ ሥራ ታትሞ ለሕዝብ የደረሰው ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ እርሱም «የሽቦ መቅጃ ሥራ» በሚል ስም በ2000ዎቹ መባቻ የወጣ ነው። የሚሰማው ነገር እንግዳ ነው። ቃሉ አይለይም። ከበሮው ከቦታው የለም፤ ትዝታው ብቻ የቀረ ይመስላል። ሴቶቹ ከሌላ ክፍል፣ ምናልባትም ከሌላ ዘመን፣ እንደሚያንጎራጉሩ ሆነው ይሰማሉ። ሠሪው የድምፁን ውስጥ ፍለጋ እንደ ሄዱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ያገኙትም ውብ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ጠፍቷል። በዛር ቤት ዜማው መልስ ይጠብቅ ነበር፤ ሽቦው ላይ መልስ የሚሰጥ ሰውነት የለም። በሥዕል ማሳያው የተቀመጠው ታዳሚ ትከሻው ቢንቀጠቀጥ ሽቦው አይፈጥንለትም።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ በጥቅምት 1948፣ ፒየር ሼፈር በፓሪስ ራዲዮ «የጫጫታ ኮንሰርት» ያሉትን ፕሮግራም አሰራጩ። የባቡር ድምፅ፣ የድስት ድምፅ፣ የፒያኖ ድምፅ በሸክላ ላይ ተቀድቶ፣ መርፌው አንዱን ክብ እየደጋገመ እንዲዞር እየተደረገ የተቀናበረ ነበር። ሼፈር ለሥራቸው ስምም ሰጡት፣ ንድፈ ሐሳብም ጻፉለት፣ ተማሪዎችንም ሰበሰቡበት። ስለዚህ የሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት የዚህን ጥበብ ልደት ፓሪስ ላይ አደረጉ። ካይሮ አልተነሣችም። ኤል ዳብ ስም አልሰጡትም፣ መግለጫም አልጻፉም፤ ሥራቸውም አንዴ ተደምጦ ቁም ሣጥን ገባ።

ከ2000 ወዲህ ነገሩ ተገልብጦ «የመጀመሪያው ኤል ዳብ ናቸው» የሚለው አነጋገር ተለምዷል። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻዋል። በ1930 በበርሊን ፓውል ሂንደሚትና ኤርንስት ቶህ ሸክላን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ተጠቅመዋል፤ በዚያው ዓመት ዋልተር ሩትማን በፊልም የድምፅ ክር ላይ የከተማ ድምፆችን ቆርጠው ቀጥለዋል፤ በ1939 ጆን ኬጅ በአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻዎችን ፍጥነት እየለዋወጡ ሙዚቃ ሠርተዋል። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር የፈረስ ግልቢያ ያህል ያዝናና ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን ትንሽ ነው። ትልቁ ጉዳይ የካይሮው ሥራ ከምን እንደ ተሠራ ነው። ሩትማን የከተማን ጫጫታ ሲይዙ፣ ሼፈር ከባቡር ሲነሡ፣ ኤል ዳብ የያዙት ሴቶች እርስ በርስ የሚፈወሱበትን ሥርዓት ነበር። ባቡር ፈቃድ አይጠየቅም። ሰው ግን ይጠየቃል።

ኤል ዳብ በ1950 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1958 ማርታ ግርሃም ለሠራችው «ክሊተምኔስትራ» ለተባለው ታላቅ የዳንስ ተውኔት ሙዚቃውን ጻፉ። በ1959 በኒውዮርክ የተቋቋመው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከጋበዛቸው ደራስያን አንዱ ሆኑ። በዚያ ከዳር እስከ ዳር ክፍል የሚሞላ፣ በተበሳ የወረቀት ጥቅል የሚታዘዝ ሲንተሳይዘር ነበር። እንደ ሚልተን ባቢት ያሉት እያንዳንዱን ድምፅ በስሌት አስቀድመው ወስነው ወረቀቱን ይበሱ ነበር። ኤል ዳብ ግን ወደ ማሽኑ የቀረቡት አዝማሪ ወደ ማሲንቆው እንደሚቀርብ ነው፤ እየነካኩ፣ እየሰሙ፣ እየመለሱ። በ1959 የሠሩት «ለይላና ገጣሚው» በ1964 በወጣው የማዕከሉ ሸክላ ላይ ከባቢት ሥራ ጋር ጎን ለጎን ታትሟል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው አንድ ማሽን ሁለት ባሕርይ ሊኖረው እንደሚችል ይረዳል። በግብፅም ስማቸው አልጠፋም፤ ከ1961 ጀምሮ በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ማታ ማታ በሚታየው የድምፅና የብርሃን ትርኢት የሚሰማውን ሙዚቃ የደረሱት እርሳቸው ናቸው።

አዲስ አበባ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1962 ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1964 አስተማሩ፤ በየክፍለ ሀገሩ እየተዘዋወሩም ሙዚቃ ቀዱ። በ1963 «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን መሠረቱ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ፣ በተለምዶ በአንድ መድረክ የማይገናኙ መሣሪያዎች፣ በአንድ ቡድን ተቀመጡ።

ነገሩ አሁን ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን አልነበረም። ክራር ተጫዋች አውታሩን የሚቃኘው በራሱ ጉሮሮ ልክ ነው፤ ማሲንቆውም እንደዚያው። ከሌላው ጋር የሚስማማበት ምክንያት አልነበረውም። እምቢልታ ደግሞ አንዱ ሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ አያወጣም፤ ዜማው የሚወለደው በነፊዎቹ መቀባበል ነው። በገና የጾምና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ከበሮ ባለበት የሠርግ ዘፈን መካከል ማስቀመጥ ብዙዎችን ያሳቅቃል። ሁሉንም በአንድ ቅኝት ማስማማት፣ መቼ ማን ዝም እንደሚል መወሰን፣ ከየአካባቢው የመጡ ተጫዋቾች የሌላውን ዜማ እንዲያጠኑ ማድረግ የወራት ሥራ ነበር። በሽቦና በቴፕ ላይ የተለያዩ ድምፆችን ደራርቦ የለመደ ጆሮ ለዚህ ተዘጋጅቶ የመጣ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ፣ በዚህ ጊዜ የሚደራረቡት ድምፆች «ይህ አይሆንም» ማለት የሚችሉ ሰዎች መሆናቸው ነው።

ተቃውሞም ይነሣበታል፤ ተቃውሞውም ተራ አይደለም። አዝማሪ ብቻውን ሲሆን ነጻ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው እዚያው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፤ የሚያሞግሰውን ያሞግሳል፣ በሰምና ወርቅ የሚነካውን ይነካል። የአዝማሪ ቤትም እንደ ዛር ቤት የመልስ ቦታ ነው። ኦርኬስትራ ውስጥ ሲገባ ግን ተራው ይቆጠርለታል፤ ታዳሚውም ወንበር ላይ ተቀምጦ በመጨረሻ ያጨበጭባል። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያ ዘመን አዝማሪ ተብሎ መጠራት ስድብ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ፣ በመብራት ሥር፣ በክብር መቀመጥ ለእነዚህ ባለሙያዎች ትንሽ ነገር አልነበረም። ከጠፋው ነጻነት የተገኘው ክብር ያመዝናል ቢባል የሚያስኬድ ነው።

ኤል ዳብ በ1964 ሲሄዱ ቡድኑ አልፈረሰም። አሜሪካዊው የሰላም ጓድ አባል ጆን ኮ ለጥቂት ጊዜ መሩት፤ ከ1966 ጀምሮ ግን አቶ ተስፋዬ ለማ ተረከቡት፤ ቡድኑን የራሱ መልክ ያስያዙት፣ አዳዲስ ድርሰትም የጻፉለት እርሳቸው ናቸው። ሌላው የሰላም ጓድ አባል ቻርልስ ሳተን ማሲንቆ ከጌታመሳይ አበበ ተምረው ከቡድኑ ጋር ተጫወቱ፤ በ1969 ከቡድኑ የተውጣጡ ሙዚቀኞች «የዓባይ ቡድን» ተብለው አሜሪካን ሲዞሩም አብረው ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ በ1975 ቡድኑ ተበተነ። ተስፋዬ ለማ በኋላ በዋሽንግተን ኖረው በ2013 አረፉ።

ኤል ዳብ ከኢትዮጵያ በኋላ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1969 ጀምሮም በኦሃዮ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1970 በዚያው ግቢ ወታደሮች አራት ተማሪዎችን ተኩሰው ሲገድሉ በቦታው ከነበሩት መምህራን አንዱ ናቸው፤ በማግስቱ ዓመት ስለዚያ ኦፔራ ጻፉ። በ2003 የሕይወት ታሪካቸው በመጽሐፍ ታተመ። በመስከረም 2017፣ በ96 ዓመታቸው፣ በኬንት ከተማ አረፉ።

የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቅጂዎች በ2007 በ«ኤቲዮፒክስ» ተከታታይ 23ኛ ቅጽ ሆነው በፓሪስ ታትመዋል። የጌታመሳይ አበበን ማሲንቆና የመላኩ ገላውን ክራር የሚያውቅ አድማጭ ተጫዋቾቹን በስማቸው ይጠራቸዋል። በ1944ቱ ሽቦ ላይ ግን የአቀናባሪው ስም አለ፣ የመሣሪያው ስም አለ፣ የከተማው ስም አለ። የዘፈኑት ሴቶች ስም አልተመዘገበም።